ወድቀው የሚመለሱባት ጀልባ

ልጄ ጀልባ ሊገዛ እንደሆነ የነገረኝ ቡና ላይ ነው። ሁለተኛውን ስቀዳለት ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ «እማዬ፣ እስቲ ይቺን እያት» አለኝ። አየኋት። ርዝመቷ አንድ አልጋ ተኩል ያህል ትሆናለች። መሐሏ ላይ አንድ ወንበር፣ ከወንበሩ ፊት ደግሞ እንደ ብስክሌት ያለ ፔዳል አላት። «ካያክ ይሏታል። በእግር ስለምትነዳ ሁለቱም እጅ ነፃ ነው፤ ለዓሣ ማጥመድ የተመቸች ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጁ ጋር ሐይቅ እንወርዳለን» አለኝ።

«ከልጁ ጋር» የምትለዋን ስሰማ ጀበናውን ማቶቱ ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

ያለነው ሚኒሶታ ነው፤ ከካናዳ ጋር የሚዋሰን የሰሜን አሜሪካ ግዛት። ልጄንና ምራቴን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት የሞላውን የልጅ ልጄን ለማየት በየካቲት መጨረሻ ሄጄ እስከ ነሐሴ ቆየሁ። ግዛቷን «የአሥር ሺህ ሐይቆች ምድር» ይሏታል፤ የመኪናቸው ታርጋ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። እሱም ተቀንሶ ነው፤ ከአራት ሄክታር የሚሰፉት ብቻ ሲቆጠሩ 11,842 ናቸው። ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ ራሱ፣ ኖኮሚስን የመሰሉ ሐይቆች በመኖሪያ ሰፈሮች መካከል ተኝተዋል። እኔ ስደርስ ሐይቁ ጠጥሮ በረዶ ሆኖ ነበር። ሰዎች በላዩ ላይ ወንበር ዘርግተው፣ በረዶውን በስተው፣ በቀዳዳው መንጠቆ ይሰዳሉ። የልጅ ልጄ «አያቴ፣ አንተም ና፣ አትፍራ!» ይለኛል። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ወንድና ሴት ብቻ ይደበላለቅበታል። እኔ ከዳር ቆሜ አየሁ እንጂ አልወረድኩም።

ውሃ እፈራለሁ። ፍርሃቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በነርስነት ብዙ ዓመት የሠራሁት ባሕር ዳር፣ ጣና አጠገብ ነው። በ1985 ዓ.ም. ክረምት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ አመጡልን። ሦስት ሆነው ዳር ላይ የታሰረ የደንገል ታንኳ ፈትተው ገብተው ነበር፤ ሁለቱ ተመለሱ። አንድ ጎልማሳ ልጁን ቁልቁል ዘቅዝቆ በትከሻው ተሸክሞ፣ ውሃው ይወጣለታል ብሎ እያርገፈገፈ ሲሮጥ መጣ። እግዜር ይስጠው፣ የሚያውቀውን ነው ያደረገው። ግን ያ ሁሉ መንገድ ለልጁ ትንፋሽ ሊሰጥበት የሚገባ ጊዜ ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ ልቡ ቆሟል። የምንችለውን ሁሉ ሞከርን፤ አልሆነም። ገላውን ስጠርግ ጠቋሚ ጣቱ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሞ አገኘሁ። ፈትቼ ለእናቱ ልስጣት ወይስ ልጣለው ብዬ ብዙ ቆምኩ። በመጨረሻ ኪሴ ከተትኩት።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ የስድስት ዓመት ልጄን ፊቴ አቆምኩና «ጣና አጠገብ ብትደርስ፣ ወየውልህ!» አልኩት። በቃሌም ጸናሁ። ልጄ ሐይቅ ዳር ተወልዶ፣ ሐይቅ ዳር አድጎ፣ ዋና ሳያውቅ ከአገር ወጣ። እኔም ልጄን ከውሃ አዳንኩት እያልኩ ሠላሳ ዓመት ኮራሁ።

ቡናው ላይ የተቆጣሁትም በዚሁ ኩራት ነው። «ዋና የማታውቅ ሰውዬ፣ ልጅህን በፕላስቲክ ላይ አስቀምጠህ ባሕር ልትገባ?» አልኩት። ልጄ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እማዬ፣ ጓደኞቼ ጣና ሲዋኙ እኔ ምን እሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ? ዳር ቁጭ ብዬ ልብሳቸውን እጠብቅ ነበር። ልጄ ልብስ ጠባቂ እንዲሆን አልፈልግም» አለኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለካ ተከልክሎም ዳር ድረስ ይሄድ ነበር። እኔ የከለከልኩት ውሃውን ሳይሆን ዋናውን ብቻ ነው። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አሁን ደግሞ እኔ አገሬ ስገባ ጀልባዋን መግዛቱ አይቀርም። ስለዚህ ማኩረፉን ተውኩትና ጠዋት «ስትገዛ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። ሳቀ፤ ግን እሺ አለ።

የመጀመሪያው ሱቅ ልጄ እንደ ሕፃን ዓይኑ የተንከራተተበት ነው። ሻጩ በቀጥታ የወሰደን ወደ ትልቋ ነው። ርዝመቷ 13 ጫማ፣ ማለትም አራት ሜትር ገደማ፣ የመንጠቆ ዘንግ የሚሰካባቸው ብዙ ቀዳዳዎች፣ የዓሣ መፈለጊያ ስክሪን የሚታሰርበት ቦታ፣ እንደ ሳሎን ወንበር ከፍ ዝቅ የሚል መቀመጫ ያላት። ዋጋዋን አልነግራችሁም፤ እኔም መርሳት እፈልጋለሁ። በእግር የሚነዱ ካያኮች አዲስ ሲሆኑ ከ1,000 ዶላር ገደማ ይጀምሩና አራትና አምስት ሺህ ይደርሳሉ።

እኔ ስለ ጀልባ አላውቅም። ስለ ማንሳት ግን አውቃለሁ፤ ዕድሜ ልኬን በሽተኛ ከአልጋ ወደ አልጋ ሳዘዋውር የኖርኩ ነኝ። ስለዚህ በልጄ አስተርጓሚነት አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ «ይቺን ማነው የሚያነሳት?» ሻጩ መጀመሪያ ሠላሳ አምስት ኪሎ የሚል ጽሑፍ አሳየን። ወንበሩስ? ፔዳሉስ? ስንል፣ እነሱ ሲጨመሩ ከሃምሳ ኪሎ እንደምታልፍ ነገረን። ልጄ ሾፌር ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ወገቡንም ያመዋል። ሃምሳ ኪሎ ከመኪና ፖርቶመጋላ ላይ ብቻውን አውርዶ፣ ሐይቅ ድረስ ወስዶ፣ ደክሞትና ረጥቦ ሲመለስ እንደገና ይሰቅላታል? ሁለት ቅዳሜ ያደርገው ይሆናል። በሦስተኛው ጋራዥ ውስጥ ተገትራ ትቀራለች፤ አለዚያም ወገቡ ይቀራል።

ስለዚህ ትንሿን ፈለግን፤ አሥር ጫማ፣ ሦስት ሜትር ገደማ የምትሆነውን። ለትናንሽ ሐይቆችና ለኩሬዎች ይህ ይበቃል። ረጅም ጀልባ ፈጥኖ ይሄዳል፣ ቀጥ ብሎም ይሄዳል። ነገር ግን የሦስት መቶ ሜትር ኩሬ ላይ ፍጥነት ምን ያደርጋል? አጭሯ በሸንበቆ መካከል እንደ ልብ ትዞራለች። ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ ሞተር የሌለው ጀልባ ርዝመቱ ከአሥር ጫማ ካላለፈ ማስመዝገብና ቁጥር መለጠፍ አያስፈልግም። የክብደቱን ነገር ሱቅ ስትገቡ ሁለት ጊዜ ጠይቁ፤ ባዶዋን ስንት፣ ከነሙሉ ዕቃዋ ስንት ብላችሁ። ወንበሩና ፔዳሉ የሚነቀሉ ከሆነ ሸክሙን ሦስት ቦታ መክፈል ይቻላል።

ቀጥሎ የፔዳሉ ነገር መጣ። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ብስክሌት ክብ የሚዞር ሲሆን ከጀልባዋ ሆድ በታች ፕሮፔለር ያሽከረክራል። ወደ ኋላ ስትረግጡት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ዓሣው ሲጎትት ጀልባዋን መልሶ ለመያዝ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉዳቱ ፕሮፔለሩ ወደ ታች ስለሚወርድ ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀት ይፈልጋል፤ የውሃ ውስጥ አረምም ይጠመጠምበታል። ሁለተኛው ሆቢ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ነው። እግር አንዱን ሲገፋ ሌላው ይመለሳል፤ ከታች ሁለት ክንፎች እንደ ፔንጉዊን ክንፍ ግራና ቀኝ ይቀዝፋሉ። ጥልቀቱ ሲያንስ ክንፎቹን ከሆዷ ጋር አጣብቆ ማለፍ ይቻላል። የቆዩት ግን ወደ ኋላ አይሄዱም፤ አዲሶቹ ናቸው የሚሄዱት። ሁለቱም አቅጣጫ የሚይዙት በእጅ በምትዞር ትንሽ መሪ ነው። የትኛውም ቢመረጥ የእጅ መቅዘፊያ አብሮ መያዝ ግድ ነው። ፔዳል ብረትና ፕላስቲክ ነውና ይሰበራል፤ ሲሰበር ደግሞ ሐይቅ መሐል ነው።

ልጄ ፕሮፔለሩን መረጠ፤ ብስክሌት ስለለመደ ነው። ስለ አረሙ ስጠይቅ ሰዎቹ ከሐይቅ ሲወጡ ጀልባቸውን አረም ሳያራግፉና ውሃውን ሳያፈስሱ ወደ ሌላ ሐይቅ መሄድ በሕግ እንደተከለከለ ነገሩኝ። አንዱ ሐይቅ የያዘው ችግር በጀልባ ተሳፍሮ ወደ ሌላው እንዳይሄድ ነው። እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው ላየ ሰው ይህ ሕግ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚያ ልቤን ያሳረፈው ነገር መጣ። ካያክ ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። አንዱ እንደ ጫማ ነው፤ እግር ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጡበታል። ከተገለበጠ ውሃ ይሞላል፤ ውሃውን ሳያወጡ መልሶ መሳፈር ለጀማሪ ከባድ ነው። ሌላው ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ነው። ሆዱ ድፍን ሆኖ አየር ይዟል፤ ወለሉ ላይ ቀዳዳዎች አሉት፤ ላዩ ላይ የፈሰሰ ውሃ በቀዳዳዎቹ ወርዶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ልጄ ይህን ሲያስረዳኝ «ታዲያ ይሄ ታንኳ ነው!» አልኩት። እውነቴን ነው። የጣና ታንኳ ውሃ ገባብኝ ብሎ አይሰምጥም፤ ደንገሉ ራሱ ተንሳፋፊ ስለሆነ ውሃው በመሐሉ ይገባል፣ ይወጣል። በደንገል የሚሠሩት ወገኖቻችን ይህን ዘዴ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ታንኳ ሲከርም ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። የፕላስቲኳም እንዲሁ ድካም አላት። ከኋላዋ ትንሽ የማፍሰሻ ውታፍ አለች፤ እሷ ካልጠበቀች ወይም ሆዷ ከተሰነጠቀ ውሃ ቀስ ብሎ ይገባል። ከመግባት በፊት ውታፏን በእጅ መዳሰስ፣ ከወጡ በኋላ ፈትቶ ማየት ነው።

ሦስት ቅዳሜ ከዞርን በኋላ ያገለገለች አንዲት ጀልባ ተገኘች። ባለቤቷ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነው። ጋራዡ ውስጥ በንጽሕና ተቀምጣለች። ልጄ ለምን እንደሚሸጣት ሲጠይቀው ትከሻውን በእጁ መታ መታ አደረገና «እኔ አልጠገብኳትም፤ ይሄ ነው የጠገባት» አለው። ከዚያ ልጄን «ብቻህን አንሳት» አለው። አነሳት፤ አስቀመጣት። «አሁን ደግሞ ስትደክም የምታነሳት አስመስለህ ቀስ ብለህ አንሳት» አለው። ይሄ ሰው ሆስፒታል ቢሠራ ጥሩ ባልደረባ ይሆነኝ ነበር አልኩ በልቤ። ሆዷን ገልብጠን በእጄ ዳሰስኩ። ጭረት አለ፤ ስንጥቅ የለም። ስፋቷ ዘጠና ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰፊ በመሆኗ በቀላሉ አትገለበጥም። ፔዳሉን በእጅ ስናዞረው ሳይንገጫገጭ ዞረ። በ850 ዶላር ተስማማን።

ገንዘቡ ሳይቆጠር ግን አንድ ሒሳብ ቀርቶን ነበር። ልጄ «ልጁን ከፊቴ አስቀምጠዋለሁ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ወረቀት አወጣሁ። ጀልባዋ እችላለሁ የምትለው 160 ኪሎ ነው። ሽማግሌው እንደነገረን ግን ልምድ ያላቸው ሰዎች ከዚያ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይጭናሉ፤ ሙሉውን ከጫኗት አትሰምጥም፣ ነገር ግን ትዘቅጣለች፣ ሚዛኗም ይጠፋል። ሁለት ሦስተኛው 107 ኪሎ ገደማ ነው። ልጄ 84 ኪሎ፤ ዘንጉ፣ መልህቁ፣ ውሃው፣ ምሳው 15 ኪሎ፤ ድምሩ 99። የልጅ ልጄ 29 ኪሎ ነው፤ ሲጨመር 128። በዚያ ላይ ወንበሯ አንድ ናት፤ ፊት ለፊት የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ዓሣ ሲያይ ይነሳል። ወረቀቱን ለልጄ ሰጠሁት። መድኃኒት በኪሎ እንደሚሰጥ እኮ ይኸው ነው፤ በጉጉት አይሰጥም።

የልጅ ልጄ ነገሩ ሲገባው አለቀሰ። «አያቴ፣ አንተ ነህ ያበላሸኸው!» አለኝ። እውነት ለመናገር እኔም አንጀቴ ተላወሰ። ለሁለት የተሠራች ባለ ሁለት ወንበር ጀልባ አለች፤ እሷ ግን ለአንድ ሰው አትነሳም። ብቻውን ትንሽ ጀልባ እንዳይነዳ ገና ዋና አያውቅም፤ የዚችም ፔዳል ለእግሩ ሩቅ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ወሰነ። በዚህ በጋ እሱ የሚያጠምደው ሐይቁ ዳር ካለው የእንጨት መድረክ ላይ ነው፤ ከ16 ዓመት በታች የሆነ የግዛቱ ነዋሪ የማጥመጃ ፈቃድ አያስፈልገውም። አባትና ልጅ ሁለቱም ዋና ይመዘገባሉ። ለከርሞ ዋናተኛ ከሆነ ለእሱ ልክ የምትሆን ትንሽ ጀልባ ትፈለጋለች። ልጄ «እኔም ልመዝገብ?» ሲለኝ «መጀመሪያ አንተ» አልኩት። ወደ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተጠጋ ሰው ማክሰኞ ማታ ማክሰኞ ማታ የመዋኛ መነጽር አንጠልጥሎ ሲወጣ አየሁት። ከመጀመሪያው ቀን ሲመለስ ጆሮው ውስጥ ውሃ ገብቶ አንገቱን አዘንብሎ ይዘላል፤ ይስቃልም። እኔ ግን ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያን መነጽር ልገዛለት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ በስድስት ዓመቱ።

ጀልባዋ በግንቦት እጃችን ብትገባም እስከ ሰኔ አጋማሽ አላስነካኋትም። ምክንያቱም አየሩ ሲሞቅ ውሃው አብሮ አይሞቅም። በሚያዝያ በረዶው የቀለጠ ሐይቅ ከላይ ፀሐይ ቢወጣም ከታች ገና ብርድ ነው። ሰው ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ ሳይወድ በግድ አፉን ከፍቶ አየር ይስባል፤ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። የመጀመሪያዋን አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ለመቆጣጠር ነው የሚታገለው። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል እጅና እግሩ ይታዘዙታል፤ ቆይቶ ይደነዝዛሉ። ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

በሰኔ ጀልባዋን ያስመረቅናት በመገልበጥ ነው። አሳቡ የእኔ ነበር። ውሃው ከወገብ በማያልፍበት ዳር፣ ዘንግና ምሳ ሳይኖር፣ የሕይወት አድን ጃኬቱን ለብሶ «በል አሁን ውደቅ» አልኩት። ወደቀ። ጀልባዋን ገልብጦ ቀና ማድረግ ቀላል ሆነለት፤ መሳፈር ግን አቃተው። መጀመሪያ እንደ ፈረስ እግሩን ሊያነሳ ሞከረ፤ በላዩ ላይ ተገለበጠች። አንድ። የልጅ ልጄ ከዳር ሆኖ ይቆጥራል። ሁለት። ሦስት። አራት ሲደርስ ልጄ ደክሞት ጀልባዋን አቅፎ ቆመ። ዘዴው ለካ ሌላ ነው። እግርን ወደ ኋላ ዘርግቶ እየመቱ፣ ጀልባዋን ወደ ራስ ሳይሆን ወደ ታች እየገፉ፣ መጀመሪያ በሆድ ወለሏ ላይ መተኛት። ከዚያ ዞር ብሎ በመቀመጫ መቀመጥ፤ እግር መጨረሻ ነው። በአምስተኛው ተሳካለት። ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ አስደገምኩት።

ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። ሱቅ ውስጥ የሚያሳዩን ሁሉ ጀልባዋ ቀና ብላ ስትሄድ ነው። እኔ ብጠየቅ ግን የምመርጣት ስትገለበጥ አይቼ ነው። ከወደቅህ ትመልስሃለች ወይ? ከደከምክ ታነሳታለህ ወይ? ሁለቱን ከመለሰች የመንጠቆ ማስቀመጫዋ ቁጥር ሁለት ይሁን ስድስት ግድ የለኝም።

ስለ ጃኬቱም ልንገራችሁ፤ ከጀልባዋ ይልቅ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። በሚኒሶታ ሕግ ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባ ላይ ሲሄድ መልበስ ግዴታው ነው። ትልቅ ሰው እንዲይዘው እንጂ እንዲለብሰው አይገደድም፤ ታዲያ ብዙዎቹ እንደ ትራስ ይቀመጡበታል። የወደቀ ሰው የተቀመጠበትን ጃኬት ምን ያደርገዋል? ለልጅ ሲገዛ በኪሎው ነው፤ «ያድግበታል» ተብሎ ሰፊ አይገዛም። አልብሳችሁ፣ ቁልፉን ሁሉ ቆልፋችሁ፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት። ጃኬቱ አገጩንና ጆሮውን ካለፈ ሰፍቶታል፤ ውሃ ውስጥ ጃኬቱ ወደ ላይ፣ ልጁ ወደ ታች ይሄዳሉ። በአየር የሚነፉ የክንድ ቀለበቶች መጫወቻ እንጂ መዳኛ አይደሉም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ «እኛ ካያክ የት አለንና?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሐይቅ ግን አለን። በበዓል ልጆቻችንን ይዘን ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ እንበላለን፣ ላንጋኖ እናድራለን፣ ባሕር ዳር ገዳማቱን ለማየት በጀልባ እንሳፈራለን። የቢሾፍቱ ሐይቆች ከዳር ትንሽ እንደሄዱ ወዲያው ይጠልቃሉ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ተረት አይምሰላችሁ፤ የሚሰምጥ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው በውሃ ሰምጦ እንደሞተ ይገምታል፤ ከአራቱ አንዱ ያህል ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች ነው። ስለዚህ ጀልባ ስትሳፈሩ እነዚያኑ ጥያቄዎች ጠይቁ፦ ስንት ሰው ትችላለች? ለልጄ ልክ የሆነ ጃኬት አላችሁ? ከሌላቸው ዓሣውን በልታችሁ ተመለሱ፤ ሐይቁ ለከርሞም አለ።

የደረሰ ደርሶ ልጅ ከውሃ ቢወጣና ባይተነፍስ ደግሞ አትዘቅዝቁት፣ ሆዱንም አትጫኑት። በጀርባው አስተኙት፤ አንገቱን ቀና አድርጋችሁ አፍንጫውን ይዛችሁ አምስት ጊዜ ትንፋሽ ስጡት። ካልነቃ ደረቱን መሐል ላይ 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፣ እያፈራረቁ መቀጠል ነው፤ ሌላው ሰው እርዳታ ይጥራ። ነቅቶ ቢስቅ እንኳ ሐኪም ሳያየው ቤት አይገባም፤ ሳንባው ቆይቶ ሊታመም ይችላል። ያን ጊዜ ያ ጎልማሳ ይህን ቢያውቅ ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት አሳልፌያለሁ።

ወደ አገሬ ልመለስ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ፣ በነሐሴ፣ በማለዳ ሐይቁ ወረድን። ልጄ ጀልባዋን ብቻውን አወረደ፤ ውታፏን ዳሰሰ፤ ጃኬቱን ቆልፎ ገባ። እግሩ ሲዞር፣ እጁ ዘንጉን ይዞ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ሸንበቆው ሄደ። እኔና የልጅ ልጄ መድረኩ ላይ ቀረን። ትል በመንጠቆ ሰክቶ ጣለ፤ ብዙም ሳይቆይ ሆዷ ብርቱካንማ የሆነ፣ መዳፍ የምታህል ዓሣ ያዘ። ክሩን ጣቱ ላይ ሊጠመጥም ሲል እጁን ያዝኩት። «ጣትህ ላይ አይደለም፤ ዘንጉ ላይ» አልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ ሲያድግ አባቱ ይነግረዋል።

ዓሣዋን መልሶ ለቀቃት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «አያቴ፣ አንተስ ዋና ትችላለህ?» አለኝ።

«አልችልም፣ ልጄ።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ጠርዙ ላይ ነው የቆምኩት፤ ነጠላዬን ለብሼ። ምንም ሳይናገር ወደ መኪናው ሮጠ፤ የእናቱን ጃኬት ይዞ መጣና «በል፣ ልበስ» አለኝ። ከነጠላዬ በላይ ለበስኩት። ቁልፎቹን እሱ ቆለፈልኝ፤ ከዚያ በሁለቱ ትከሻዬ ይዞ፣ በጣቱ ጫፍ ቆሞ፣ ወደ ላይ ሳበው። አገጬ ጋ አልደረሰም።

«ልክህ ነው» አለኝ።